በልኬ የተሠራው ብስክሌት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቱቦ የሚያመልኩ ሰዎች አሉ ብል ማን ያምነኛል? አሉ። ከመናኸሪያው ጀርባ የአንድ ሽማግሌ የብየዳ ቤት አለ፤ ደጃፉ ላይ ባለ አግዳሚ ተኮልኩለው ይውላሉ። የሽማግሌው ኑሮ አልጋና የግቢ በር መበየድ ነው። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ግን የሰው ቁመና ለክተው ከብረት ቱቦ የብስክሌት ፍሬም ይሠራሉ፤ ጎማውም መሪውም ሳይገባ ያለውን የብስክሌቱን አጥንት ማለቴ ነው። እነዚያ ሰዎች የሚሰበሰቡት ለዚህ ነው። ከማዘጋጃ ቤት የሚመጣ አንድ መሐንዲስ መገጣጠሚያውን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ዓይኑን ይጨፍናል። ከከተማው ወጣ ባለ ደብር የሚያገለግሉ አንድ ቄስ ደግሞ ቱቦውን በጥፍራቸው መታ አድርገው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። «ስማው እስቲ ልጄ! ይኼ ድምፅ ከፋብሪካ ይወጣል?» ይሉኛል። ኧረ አባ፣ ቧንቧ እኮ ነው!

ከእነዚህ ሰዎች ጋር የቀላቀለኝ እግሬ ነው። ግራ እግሬ ከቀኙ ሦስት ጣት ያህል ያጥራል። በልጅነቴ ተሰብሮ ወጌሻ አሰረው፤ አጥንቱም ደስ ባለው መንገድ ገጠመ። ሰው እንዳያውቅብኝ ጫማዬ ውስጥ የጎማ ቁራጭ አደርጋለሁ፤ ጫማ በሚወለቅበት ቦታ ደግሞ በግራ ጣቶቼ እቆማለሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስንቱን ቅዳሴ፣ ስንቱን ማኅሌት ተረከዜን አንሥቼ ቆሜያለሁ! ሰው በጸሎት ሲመሰጥ እኔ ባቴ ሲቃጠል ላብ ያጠምቀኛል። አርባ ዓመት ሙሉ ከሚስቴ በቀር ያወቀብኝ የለም። እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ በሌላው ሰው ቂልነት የምሥቀው።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከከተማው የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው። አስፋልቱ ሲያልቅ ባጃጁም ይመለሳል። እግሬ እያበጠ ሲያስቸግረኝ የፋብሪካ ብስክሌት ገዛሁ፤ ወገቤን ሊገነጥለው ደረሰ። «በልክህ አሠራ» ብለው የነዘነዙኝ ቄሱ ናቸው። እምቢ ብዬ ብዬ በመጨረሻ ሄድሁ። ያን ቀን ባልሄድ ኖሮ የአንድን አዛውንት ሙያ በአፌ ልገድል አልደርስም ነበር።

ሽማግሌው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው «ጫማህን አውልቅና ግድግዳውን ተደግፈህ ቁም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የሬሳ ሣጥን ነው እንዴ የሚሠሩልኝ?»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። «ፋብሪካ የማንን እግር ያውቃል መምህሬ? እኔ ግን አንተን አውቄ ነው የምሠራው» አሉ። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ በግራ ጣቶቼ ቆምሁ፤ ሱሪዬ ረጅም ስለሆነ ተረከዜን ሸፈነልኝ። ክንዴን ለኩ፣ ጀርባዬን ለኩ፣ ትከሻዬን ለኩ። እግር የሚለኩት ሁልጊዜ በግራ በኩል ነው፤ ሰው ብስክሌቱን ሲያቆም የሚያወርደው ግራ እግሩን ነው ይላሉ። ከብሽሽቴ እስከ መሬት ለኩና አንድ ጊዜ ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ደህና ቆመሃል?»

«ታዲያ ተኝቻለሁ?» አልኋቸው።

ሥራቸውን ግን መካድ አልችልም። የፍሬሙን ሥዕል በሙሉ ቁመቱ ወለሉ ላይ በጠመኔ ሣሉት። ቱቦዎቹን ቆርጠው፣ ጫፍ ጫፋቸውን እየሞረዱ፣ በመሃላቸው ወረቀት እንኳ እስከማይገባ ድረስ አጋጠሟቸው። በነሐስ በየዱት፣ አለሰለሱት፣ አረንጓዴ ቀቡት። ሲጨርሱት መጋጠሚያው የት ላይ እንደሆነ በዓይን ብትፈልገው አታገኘውም። ማንም በማያየኝ ሰዓት እኔም በአውራ ጣቴ ዳበስሁት። ምን ላድርግ፣ ያምራል!

መንዳት ስጀምር ጉዴ ፈላ። የጫማዬ ጎማ የሚያነሣው ተረከዜን ብቻ ነውና ግራ እግሬ ፔዳሉ ታች ሲወርድ አይደርስበትም፤ በየዙሩ ወገቤ ይወላገዳል። ለመቆም ግራ እግሬን አወርዳለሁ፣ መሬት የለም! የባጃጅ ሾፌሮች ፊት ሁለት ጊዜ፣ የትምህርት ቤታችን በር ላይ አንድ ጊዜ ከነብስክሌቴ ተዘረርሁ። ታዲያ እውነቱን ተናገርሁ? አልተናገርሁም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ ጠላዬን ይዤ ሽማግሌውን አነሣኋቸው። «እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ዓይናቸውም ጠፍቷል። አልጋቸውን ቢበይዱ ይሻላቸዋል» አልሁ። ሰው ሲስቅልኝ ባሰብኝ። በአያቶቻችን ጊዜ ብረት ሠሪ ይሰደብበት የነበረውን ያንን አስቀያሚ ቃል ሳይቀር ጨመርሁበት። ቄሱ ጠላቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ሄዱ።

ወሬው በሳምንት ውስጥ ከተማውን አዳረሰ። ፍሬም ልታሠራ የተለካች አንዲት ነርስ ይቅርብኝ አለች። አግዳሚው ላይም ሰው ሳሳ። ሽማግሌው መጥተው ቢሰድቡኝ ደግ ነበር፤ ተሰዳድበን እንለያይ ነበር። እሳቸው ግን አመኑኝ! መምህር ሰው ለምን ይዋሻል ብለው፣ ጥፋቱ የዓይኔ ነው ብለው ደመደሙ። ሜትራቸውን ለጎረቤታቸው አናጢ ሰጡት። ከእንግዲህ በር ብቻ ነው የምሠራው አሉ፤ የሰው ልክ የሳተ እጅ ሰው ላይ ማረፍ የለበትም አሉ።

ሚስቴ ይኼን ገበያ ላይ ሰምታ መጣች። «ሰውየውን በቁማቸው ቀበርሃቸው እኮ! ሂድና ንገራቸው» አለችኝ።

«ምን ብዬ?»

«እግሬ አጭር ነው ብለህ!»

ጮኽሁባት። በገዛ ቤቴ የእግሬ ማጠር ሲነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፤ እኔም እግሬ እያበጠም ቢሆን እንደ ድሮው በእግር መመላለስ ጀመርሁ። እንዲህ ያለ ደንቆሮ ኩራት ነው የነበረኝ።

በሰኔ፣ ጭቃው ከጀመረ በኋላ፣ ሽማግሌው ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው አቋርጠው ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ጥበቃው ሲጠራኝ ከክፍል ወጥቼ ጫማዬን በእጄ ይዤ ሜዳውን ተሻገርሁ፤ በእኛ ጥቁር ጭቃ ጫማውን አድርጎ የሚራመድ ሰው የለም።

«የት ላይ እንደሳትሁ እንድትነግረኝ ነው የመጣሁት» አሉኝ። «ሳላውቀው እንዳልሞት።»

መልሴን ግን አልጠበቁም፤ ዓይናቸው ከኋላዬ ዱካዬ ላይ አርፏል። እኔም ዞሬ አየሁት። የቀኙ ሙሉ እግር ነው፣ ተረከዝም ጣትም አለው። የግራው ጣት ብቻ ነው። ጣት፣ ጣት፣ ጣት፣ እስከ ክፍሉ በር ድረስ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብለው አንዱን ዱካ በስንዝራቸው ለኩ፤ ከዚያም ሌላውን። ስድብ ጠበቅሁ፤ የሚገባኝም እሱ ነበር። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«እንግዲያው ዓይኔ ደህና ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው ጋሼ። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«ይኼን ለሰዎቹ ትነግርልኛለህ?»

ለምን ዋሸህ እንኳ አላሉኝም። አንጀቴን በሉት።

እሑድ ሰንበቴው ላይ ሽማግሌውም መጥተው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲቀዳ ተነሣሁ። ጫማዬን አወለቅሁ፤ ሱሪዬን ሰበሰብሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት የግራ ተረከዜን መሬት አስነካሁት። ሰውነቴ ወደ ግራ ጋደል አለ። «ስለካ በጣቴ ቆሜ ነበር። ሰውየው አልተሳሳቱም፤ ስማቸውን በከንቱ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልሁ። ሳቁን ጠበቅሁ፤ ከዚያ የባሰውን፣ ከንፈር መጠጣውን ጠበቅሁ።

መጀመሪያ የተናገረው መሐንዲሱ ነው። «ታዲያ ፍሬሙ ምን በደለ? የግራውን ፔዳል ከፍ ማድረግ ነው እንጂ!»

«የምን ፔዳል!» ቄሱ ተቆጡ። «መቀመጫው ዝቅ ሳይል?»

«አባ፣ መቀመጫው ዝቅ ካለ ቀኙ ይታጠፍበታል!»

ሌላው ተነሥቶ ያቺ ነርስ ዛሬውኑ ይነገራት አለ። አንዱ ሽማግሌውን በክንዳቸው ይዞ ወደ መሃል አመጣቸው። ያለ ሜትር መጥተዋልና ፊቴ ተንበርክከው በስንዝራቸው ከጉልበቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ፣ ከዚያ እስከ ተረከዜ ለኩኝ። «አትነቃነቅ» አሉኝ። እኔን የጠረጴዛ እግር አስመሰሉኝ። ቄሱና መሐንዲሱም አጎንብሰው በሽማግሌው አናት ላይ ይከራከራሉ፤ ሽማግሌውም ሳይዞሩ «ዝም በሉ፣ ልሥራበት!» ይላሉ። ድምፃቸው የሃያ ዓመት ጎረምሳ ድምፅ ሆኗል። የቀረው ሰው ጠላውን ይዞ ተጠጋ። ሁሉም የሚያየው የእሳቸውን ጣቶች ነው። ወደ ላይ ቀና ብሎ ፊቴን ያየ አንድ ሰው አልነበረም።

አርባ ዓመት በጣቴ የቆምሁት ለእነዚህ ሰዎች ነው።