ድንጋዩና የስፒከር ማግኔት

ድንጋዩ የአክስቴ ነው። ዲክሲስ ያለው የስንዴ ማሳቸው ሲታረስ የወጣ፣ ጥቁርና ከመጠኑ በላይ የሚከብድ። ጎረቤቱ ሁሉ ከሰማይ የወደቀ ነው ይላል። እኔ እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ጥቁር ድንጋይ በአርሲ ሞልቷል። ኮምፓስ ሳስጠጋው ግን መርፌው ትንሽ ዘወር አለ። አስፈቅጄ አሰላ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ወሰድኩት።

በዚያ ሰሞን ለአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ ስለ ጨረቃ እነግራቸው ነበር። ጨረቃ ዛሬ እንደ ምድር ያለ ማግኔታዊ መስክ የላትም፤ አንዳንድ ድንጋዮቿ ግን ማግኔትነት አላቸው። ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ግጭት ነው። ከጠፈር በአስፈሪ ፍጥነት የመጣ አለት ሲመታት ድንጋዩ ይተንና ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ የጋለ ደመና ይሆናል። ደመናው ለአፍታ ብርቱ መስክ ሊፈጥር ይችላል፤ ግጭቱ ያናወጠው ድንጋይም የዚያን መስክ ምልክት ይዞ ይቀራል። ይህ ደካማ ምልክት ለብዙ ዘመን ሊቆይ ይችላል፤ አንድ ተራ ማግኔት ሲነካው ግን ይበላሻል። የአክስቴም ድንጋይ በእርግጥ ከሰማይ ከሆነ እንዲህ ያለ ምልክት ሊኖረው ይችላል፤ ስለዚህ የፊዚክስ ክፍል ኃላፊያችንን፣ ማንም ማግኔት እንዳያስጠጋው ብዬ አስቀድሜ ለምኛቸዋለሁ።

ኮምፓሶቹን ከዕቃ ቤት ይዤ ስመለስ ኃላፊው ተማሪዎቼ ፊት ቆመዋል። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ትልቅ ማግኔት ድንጋዩ ላይ ለጥፈው፣ ልጆቹ ያጨበጭቡላቸዋል።

"ነግሬዎት አልነበር?" አልኳቸው።

"ድንጋይ እኮ ነው፤ ምን ይሆናል ብለሽ ነው?" አሉኝ እየሳቁ።

አለማወቅ ቢሆን ይቅር ባልኩ። እሳቸውም የተማሩት ፊዚክስ ነው፤ ሰምተውኛል፤ የሴት ወሬ ብለው ናቁት እንጂ። ማግኔቱን አንስቼ ኮምፓሱን ሳስጠጋ መርፌው ማግኔቱ ወደነካው ቦታ ተስፈንጥሮ ዞረ። ለተማሪዎቹ እውነቱን ነገርኳቸው፦ ይህ የምታዩት የስፒከሩ ሥራ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ከእንግዲህ አናውቀውም።

ይባስ ብሎ ርዕሰ መምህሩ፣ "ከሰማይ የወረደ ድንጋይ" ተብሎ ተጽፎበት ኤግዚቢሽን ላይ ይቅረብ አሉ። ኃላፊውም ማግኔት መያዙን ማስረጃ አደረጉት። የአርሲ ተራሮች ጥቁር ድንጋይም ማግኔት ሊስብ ይችላል ብዬ በስብሰባው ላይ ተከራከርኩ። ለትምህርት ቤቱ ስም አታስቢም ተባልኩ። ውሸት አላስተምርም ብዬ ድንጋዩን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ ዲክሲስ ወስጄ ለአክስቴ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እያገላበጡ አዩት፤ በዓይን የሚታይ ጉዳት የለውም። ድንጋዩን ወደ ጎን አስቀመጡና፣

"ሰውየው ይቅርታ ጠየቀሽ?" አሉኝ።

አልጠየቁኝም። ዛሬም ኮሪደር ላይ ስንገናኝ፣ ድንጋይሽ ደህና ነው ወይ እያሉ ይስቁብኛል።