ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ

ዘንድሮ በእንግሊዝኛ ከክፍል አንደኛ ወጣሁ። ክፍል ውስጥ እጄን ማውጣት የደፈርኩትም ከዚያ ወዲህ ነው። ከጎንደር ወጣ ብሎ ኮሶዬ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ያላት አክስቴ ወሬውን ያልነገረችው ሰው የለም።

ቅዳሜ ላግዛት ሄጄ እያለሁ አንድ ሹፌር ሁለት ፈረንጆች ይዞ መጣ። ሴትዮዋ አሜሪካዊት፣ ሰውዬው ስኮትላንዳዊ ነው አለን። ሁለቱም የሚያወሩት እንግሊዝኛ ነው፤ ግን እሷ ስታወራ እሱ "ምን?" ይላል፣ እሱ ሲያወራ እሷ "ምን?" ትላለች።

"በይ እንጂ፣ አግባቢያቸው!" አለችኝ አክስቴ፣ ቤት ሙሉ ሰው እየሰማ።

ጠጋ ብዬ አዳመጥኩ። የሷ እንግሊዝኛ በአፍንጫ ይወጣል፣ የሱ ጉሮሮው ውስጥ ይንከባለላል። አንዱም አልገባኝም። እዚህ ከተዋረድኩ ደግሞ ክፍል ውስጥ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።

ደግነቱ አባቴ የቄስ ትምህርት የሚያስተምር የኔታ ነው፤ ባይገባኝም ቃል በቃል ተቀብዬ ማለት ከፊደል ጀምሮ ለምጄዋለሁ። ሰውዬው ያለውን ቀስ አድርጌ፣ በኛ በጎንደሮች እንግሊዝኛ፣ ለሴትዮዋ ደገምኩላት።

"ኦ!" አለች። ገባት! የሷንም ለሱ ደገምኩለት፤ እሱም ገባው። ቤቱ አጨበጨበ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ቀጠልኩ።

ትንሽ ቆይቶ የሴትዮዋ ፊት በርበሬ መሰለ። ብድግ ብላ ሻንጣዋን ከመኪናው አወረደችና ወደ ጎንደር የሚሄድ ሚኒባስ አስቁማ ገባች።

ሹፌሩ ጭንቅላቱን ይዞ ጮኸብኝ፦ "ምነው አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ! ባልና ሚስት እኮ ናቸው! ሳይግባቡ ስንት ዘመን በሰላም ኖረው!"