ጨዋታ የምትለዋን ቃል አውጣት

ሆሳዕና ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ላይ ሲወጣ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ተርታ መጨረሻ ላይ፣ በሯ እስከ እኩሌታው ሰማያዊ የሆነ ጠባብ ሱቅ ነበረች። ቀለሙ መሐል ላይ አልቆ እንደዚያው ቀርቷል። ባለቤቷ ባፈና ሬድዮ ጠጋኝ ነበር። ከሀቢቾም ከአንጋጫም ሬድዮውን በጋቢ ጠቅልሎ የሚመጣለት ሰው ብዙ ነው። ሲሠራ አይናገርም። የሞተው ሬድዮ መናገር ሲጀምር ብቻ ቀና ብሎ፣ «በቃ፣ ተሻላት» ይላል። በቤቱ ሲናገር ያደገው ሀዲይኛ ነው፤ አማርኛን የተማረው ኋላ ስለሆነ፣ ዕቃ ሁሉ በእሱ አፍ ሴት ነበር።

አንድ የውጭ አገር ሐኪም ወደ አገሩ ሲመለስ ትንሽ ቴሌቪዥንና ከእሷ ጋር የምትያያዝ የጨዋታ ሳጥን ሰጠው። ቴሌቪዥኗ በከተማችን ጣቢያ አትይዝም። ባፈና ግን በመኪና ባትሪ አስነሣትና ሳጥኗን አያያዘባት። በጥቁሩ መስታወት ላይ ሁለት ነጭ በትሮችና አንዲት ነጭ ነጥብ ብቅ አሉ። ነጥቧ ኳስ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበሬውም ልብስ ሰፊውም ተራ ይዞ ይጫወት ነበር። እኔም በትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ አስተምር ነበርና ከሥራ ስወጣ ጎራ እላለሁ።

«መምህር፣ እንግሊዝኛ እዚህ አይሠራም» ይለኛል፣ ኳሷ ባመለጠችኝ ቁጥር።

በነሐሴ ፲፱፻፸፱ ዓ.ም. ከሐኪሙ ደብዳቤ መጣ። ውስጡ ከመጽሔት የተቀደደ አንድ ገጽ አለ፤ በሚመጣው ዓመት ለገበያ የሚወጡ አዳዲስ የቴሌቪዥን ጨዋታዎች ከነሥዕላቸው። ሐኪሙ በዳሩ ላይ፣ «አንዱን እልክልሃለሁ» ብሎ ጽፎበታል። ባፈና ሦስት ጊዜ አስነበበኝ።

«በአማርኛ አድርጋትና ልለጥፋት» አለኝ። «ሰው የሚጠብቀው ነገር ይኑረው።»

ያን ጊዜ የሚጠበቅ ነገር ጠፍቶ ነበር። ገበሬው ቤቱን በእጁ አፍርሶ ወደ አዲሱ መንደር ይገባል፤ ጎረምሳው ከገበያ መሐል ለውትድርና ይታፈሳል። እኔ እያነበብኩ፣ ባፈና በራሱ እጅ በትልልቅ ፊደል ጻፈ። የመጀመሪያው ጨዋታ ሥዕል ትልቅ የድንጋይ ሕንፃ ነው፤ በልጅነቴ በተማርኩበት የንባብ መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥዕል ሥር «ቤተ መንግሥት» የሚል ነበረበት። እኔም እንደዚያው ተረጎምኩ። ግንብ ብዬው ቢሆን ኖሮ።

አርእስቱ ላይ ስንደርስ እጁን አነሣ።

«ጨዋታ የምትለዋን ቃል አውጣት፣ መምህር። የቀበሌ ሰዎች ያለ ፈቃድ ጨዋታ ቤት ከፈተ ይሉኛል።»

አወጣናት። በግድግዳው ላይ የተለጠፈው እንዲህ ይላል፦

በ፲፱፻፹ ዓ.ም. በጉጉት የሚጠበቁ
የቤተ መንግሥቱ መውደቅ
ድልድዩን ማፍረስ
የእስረኛው ማምለጥ
የጥንቸሏ ሩጫ

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ዳኘ ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር ገባ። በመስከረም ሪፑብሊክ ሊታወጅ ሽር ጉድ የሚባልበት ሰሞን ነው። እኔ የጨዋታዋን እጀታ እንደያዝኩ ተቀምጫለሁ።

«የማን ቤተ መንግሥት ነው የሚወድቀው?» አለ ዳኘ።

«ጨዋታ ናት፣ ጓድ።»

«ጨዋታ የሚል የት አለ? አሳየኝ።»

ዳኘ ጣቱን እስከ መጨረሻው መስመር አወረደ።

«ጥንቸሏስ ማን ናት?»

«እሷ ትሮጣለች፣ ጓድ።»

«ወዴት?»

«እንጃ። ገና አልመጣችም።»

በር ላይ የቆመ አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁን ዋጠው። ባፈና ቀጠለና፣ «ከፈረንጅ ወረቀት ነው የገለበጥኳት። እቤት አለች» አለ። «የገለበጥናት» አላለም። እኔ የሰዋስው ሰው ነኝ፤ ለይቼ ሰማሁት። እጀታውን ቀስ አድርጌ አስቀመጥኩ እንጂ አፌን አልከፈትኩም።

«ወረቀቱ ይምጣ» አለ ዳኘ። «እውነት ጨዋታ ከሆነ ቤትህ ታድራለህ።»

እሱንም ቴሌቪዥኗንም ይዘው ሄዱ።

እኔ ወደ ቤቱ ገሠገሥኩ። ወሬው ግን ቀድሞኛል። ሚስቱ ገነቴ ጓሮ እንሰቱ ሥር እሳት አንድዳ ቆማለች። ከዓመታት በፊት የጸሎት ቤታቸው ሲታሸግ ወንድሟን ማቴዎስን የወሰዱት አንድ የመዝሙር ደብተር ትራሱ ሥር አግኝተው ነበር፤ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ገነቴ ባሏ ተያዘ ሲሏት የምታውቀው አንድ ሥራ ብቻ ነበር።

«አይዞህ፣ መምህር» አለችኝ፣ አመዱን በእግሯ እየበተነች። «አንድ ወረቀት አልተውኩም። ምንም አያገኙበትም።»

ያቺን ወረቀት ልወስድ እንደመጣሁ ሳልነግራት ተመለስኩ።

ማምሻውን ቆጮ ይዛ ወደታሰረበት ግቢ ሄደች፤ ዘበኛው በማይሰማው በሀዲይኛ የፈረንጁን ወረቀት እንዳቃጠለችው ነገረችው። ሲነጋ ዳኘ ወረቀቱን ጠየቀው። ሚስቴ አቃጠለችው ቢል እሷ ትታሰራለች፤ ያነበበልኝ መምህሩ ነው ቢል እኔ እታሰራለሁ።

«ወረቀት የለችም» አለ ባፈና። «ከራሴ ነው የፈጠርኳት።»

ወረቀቱ ባይኖርም ሥዕሉን ያየሁት እኔ ነበርኩ። ልመሰክር ሁለት ጊዜ እስከ ቀበሌው በር ደረስኩ፤ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ።

የተፈታው በጥር ፲፱፻፹፩ ዓ.ም. ነው። ክንዶቹን የኋሊት አስረው ያንጠለጥሉት ስለነበር ጣቶቹ መበየጃ መያዝ አቃታቸው። ሱቋ ለሌላ ተሰጥታ የጨው መሸጫ ሆናለች። የሐኪሙ ጨዋታ ይላክ አይላክ አላወቅንም፤ ደፍሮ ፖስታ ቤት የጠየቀም የለ። ሬድዮ የተበላሸበት ሰው ሲመጣ ባፈና ጆሮውን አስጠግቶ ሕመሟን ይናገራል፤ ሌላ ሰው ይፈታታል። ብዙ ጊዜ ግን የሚመጣ አልነበረም።

ከዳኘ ጋር የተባባሉትን የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለለቅሶ ወደ ቦኖሻ በእግር ስንሄድ። እኔ ስለ ራሴ አንድ ቃል ልናገር ስል አቋረጠኝ።

«እሷ እንዳትሰማ» አለ።

ያን ቀን «እሷ» ያለው ዕቃ አልነበረም።

ገነቴ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያንን ቀን ታወራለች። «ያቺን ወረቀት ባላቃጥላት ኖሮ ይገድሉት ነበር። እግዚአብሔር ነው እሳቱን ያሳሰበኝ» ትላለች። እንግዶቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያመሰግኗታል። ባፈና ኩባያውን በሁለት መዳፎቹ አጣብቆ ወደ አፉ ያነሣል፤ ወተቱ በአገጩ ላይ ይወርዳል።

«እውነቷን ነው» ይላል።