ድንበራችንን የረገጡልን አባ ዋሪዮ

አባ ዋሪዮ አርፈዋል። የነገሌ ሰው ሁሉ በበኩር ልጃቸው ስም የሚጠራቸው አቶ ጃርሶ፣ ወታደሩ በከተማችን በኩል እየሸሸ ባለፈበት ሳምንት፣ ሁላችንም በር ዘግተን በተቀመጥንበት ቀን፣ በገዛ አልጋቸው ላይ አረፉ። ተኩስ ይሰማ ስለነበር ቀብራቸው ላይ የተገኘነው ጥቂቶች ነን። አፈሩ የተመለሰው በጥድፊያ ነው። እኛን ሴቶቹንም «ድምፅ አታሰሙ» አሉን። እንዲህ ያለ ሰው ያለ ልቅሶ መቀበሩ ስላንገበገበኝ፣ መምጣት ላልቻላችሁ፣ በክብረ መንግሥትም በአሬሮም ላላችሁ ወዳጆቻቸው ሁሉ ይህን ጻፍኩ። ፊደል የቆጠርኩት የልጆች እናት ከሆንኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። አጻጻፌን ብታርሙኝ እቀበላለሁ፤ ነገሩን ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ።

አባ ዋሪዮ ቆዳ ነጋዴ ነበሩ። ካፖርታቸው ሁልጊዜ ቆዳ ቆዳ ይሸት ነበርና ወደ አንድ ቤት ሲገቡ ሰው አፍንጫውን ይሸፍናል፤ ሸፍኖም ግን ከመቀመጫው ይነሳላቸዋል። በከተማችን ቤት ሲሸጥ፣ ዋጋው ተነጋግሮ ሻጩ እሺ ካለ በኋላ፣ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ለዚህ ሥራ ሹመት አልነበራቸውም፤ ክፍያም አይቀበሉም። ሰው የሚጠራቸው አይዋሹም ብሎ ነው። ለቤት ገዢ ሁሉ የሚሉት አንድ ነገር ነበራቸው፦ «እሺ መባል ቤት አይደለም። ፍርሃቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።»

በዚያን ጊዜ ይህ አባባል ለምን እውነት እንደነበረ ወጣቶች ላታውቁ ትችላላችሁ። ከትርፍ ቤት አዋጁ ወዲህ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ነው፤ የተረፈው የመንግሥት ነው። ገዢና ሻጭ ተስማምተው ቢጨባበጡም፣ ቀበሌው አውቆት ማኅተም እስኪመታ ድረስ ነገሩ በአየር ላይ ነው። በዚያ መሃል ዓይኑ ቤቱ ላይ ያረፈ ባለሥልጣን እጁን ቢያስገባ የሚከለክለው የለም።

እኛ ቤት የገዛነው ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ፣ ከተማው ትንሽ ትንፋሽ ሲሰበስብ ነው። ባለቤቴ ተክሌ ልብስ ሰፊ ነበር። የምንኖረው በቀበሌ ኪራይ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ከእሱም ከእኔም ወገን በከተማ የራሱ ቤት የነበረው ሰው የለም። ወደ አዋሳ የሚዛወር አንድ ሾፌር ቤቱን ሊሸጥልን እሺ ሲል፣ ሊበን ገጠር እናቴ ዘንድ የነበሩትን ላሞቻችንን ሸጥን። ይህ ቤት ከእጃችን ቢወጣ የምንተካበት ሌላ ነገር አልነበረንም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። ተነሥቼ አባ ዋሪዮ ዘንድ ሄድኩና በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው።

«አካም፣ አባ ዋሪዮ፣ ናጋ?»

«ናጋ። ምነው ፊትሽ እንዲህ የጠቆረ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ቤት ገዛን።»

«ታዲያ ያው ነው በይኛ!» ብለው ሳቁ። ወዲያው ኮስተር አሉ። «ገንዘቡን ሰጣችሁ?»

«አልሰጠንም።»

«ፍራሽ አስገባችሁ?»

«ኧረ አላስገባንም።»

«እንግዲያው ገና አልገዛችሁም። ነይ ኢንተላ፣ እንሂድ።» ሴት ልጃቸውን እንደሚጠሩ ሁሉ እኔንም በኦሮምኛ ኢንተላ ይሉኝ ነበር።

መጀመሪያ ምሰሶዎቹን አዩ። የእኛ አገር ምስጥ ከውጭ ልስኑን ሳይነካ ውስጡን በልቶ ይጨርሳል። እያንዳንዱን ምሰሶ በዱላቸው መታ፣ መታ እያደረጉ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ከጓዳው በኩል ያለው ባዶ ድምፅ ሰጠ።

«ትናንት እኮ ደህና ነበር» አለ ሾፌሩ።

«ትናንት አንተም ጎረምሳ ነበርክ» አሉት። «በጽድ እንጨት ተካው፤ ከዚያ እንነጋገራለን።»

ቀጥለው «ሚስትየዋ የት አለች?» አሉ። ሾፌሩ «ሥራ ላይ ነች፣ እኔ አለሁ አይደል ወይ» ቢል፣ «ቤት የሚሸጠው ሱሪ ብቻ ነው እንዴ?» ብለው አስጠሯት። እጇ ሊጥ እንደያዘ መጣች።

«ቤታችሁ ሲሸጥ ተስማምተሻል?»

«ማን ጠይቆኝ!» አለች። ባሏን ገላመጠችው። «ተስማምቻለሁ፤ በሩን ግን ነቅዬ እወስዳለሁ። ከአባቴ ቤት የመጣ ሳንቃ ነው።»

«በር የሌለው ቤት ጅብ ነው የሚገዛው» አሉ አባ ዋሪዮ። ሁላችንም ሳቅን፤ እሷም ስቃ በሩን ተወችልን። እኔ ግን ልብ ብዬ ነበር። እሷ ሳትጠየቅ ቢፈጸም ኖሮ፣ ነገ መጥታ «የእኔም ቤት ነው» ብትል እውነቷን ነው።

በመጨረሻ ጎረቤቶቹን በየአቅጣጫው ጠሩና ድንበሩ ተረገጠ። በከተማችን ይህ ሳይሆን ቤት አይሸጥም። ገዢ፣ ሻጭና ጎረቤት አብረው በአጥሩ ሥር ይሄዳሉ፤ ጎረቤቱ ድንበሩ ላይ ሲደርስ ቆሞ በእግሩ ይረግጥና «እስከዚህ የእናንተ፣ ከዚህ ወዲያ የእኔ» ይላል። ቤቱ ስንት ክፍል፣ ስንት በር እንዳለውም ጮክ ተብሎ ይነገራል። ኋላ ክርክር ቢነሳ የረገጠ ሁሉ ምስክር ነው። «አንድ ቤት፣ አንድ በር!» ብለው የጮኹት አባ ዋሪዮ ናቸው። ሲሰናበቱን ለተክሌ እንዲህ አሉት፦ «ስማኝ ልጄ፣ ማኅተም እስኪመታ አንዲት ምስማር እንዳትመታ። ግድግዳም አትንካ። እንደ እንግዳ ሁን።»

ተክሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አልሰማም፤ የእሱ አገር ሰው መንገድ ዳር ሱቅ ከሌለው ቤት ገዛሁ አይልም። ወረቀቱ ገና ቀበሌ እያለ፣ እኔ ገጠር እናቴን ልጠይቅ በሄድኩበት፣ ሾፌሩን አስፈቅዶ በመንገዱ በኩል ያለውን ግድግዳ ሰብሮ ለስፌት መኪናው በር አወጣ። ስመለስ አጎንብሶ ጭቃ ይለስናል።

«ምን አደረግህ?»

«ሱቅ ነዋ! ደስ አይልሽም?»

ሁለት በር ያለው ቤት በዚያን ጊዜ ሁለት ቤት ነው ይባላል፤ አንደኛው ትርፍ ነው። ብዙም ሳይቆይ አብዮት ጠባቂዎች መጥተው በአዲሱ በር ላይ በጠመኔ ምልክት አደረጉበትና ቀበሌ እንድንቀርብ አዘዙን። ወሬው ቀድሞ ደርሶኝ ነበር፤ የቀበሌያችን ሊቀመንበር መንገድ ዳሯን ክፍል ለዘመዱ ፈልጓታል። ሽያጩንም ሊያፈርሰው ይችላል ተባለ። ቀበሌ ገብቶ ሳይወጣ የቀረ ሰው በሠፈራችን ነበረና የምፈራው ለቤቱ ብቻ አልነበረም።

በቀጠሮው ቀን አባ ዋሪዮ መንገድ ላይ ጠበቁን። ተክሌን ዞር ብለው አላዩትም። ወደ እኔ ጠጋ ብለው በቀስታ ነገሩኝ። ሊቀመንበሩ ቆዳ መጋዘናቸው ድረስ ሄዶ «ይህ ከመኖሪያዎ ግቢ ውጭ ነው፤ እስከ ዛሬ ዝም ብለናል» ብሏቸዋል።

«ይቅርብዎ አባቴ፣ አይምጡ» አልኳቸው። ከልቤ ነበር።

«እኔም ፈርቻለሁ» አሉ። «ግን ድንበሩን በእግሬ ረግጫለሁ። እግሬን ምን ብዬ ልካደው?»

ቀበሌው ውስጥ ጎረቤቶቻችን አቀርቅረው ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ ጠየቃቸው፤ «አላስታውስም»፣ «ያን ቀን አሞኝ ነበር» ይላሉ። አልፈረድኩባቸውም፤ ጠባቂው በር ላይ ጠመንጃውን ታቅፎ ቆሟል።

«ቤቱ ሁለት ነው፣ በሩ ይመሰክራል» አለ ሊቀመንበሩ።

አባ ዋሪዮ ተነሡ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ በር አይመሰክርም። የሚመሰክረው ሰው ነው። ድንበሩ የተረገጠ ቀን ቤቱ አንድ ነበር፤ በሩም አንድ። ያንን በር ኋላ ያወጣው ይህ ሰውዬ ነው፤ አትንካ ብዬው ነበር፣ አጥፍቷል። ጥፋቱ የራሱ ነው፣ ይቅጡት። በገዛ እጁ ይድፈነው። ቤቱ ግን ሁለት አይደለም።»

«መጋዘንዎን ረሱት?»

«አልረሳሁም።» እጃቸው ዱላው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አጠገባቸው ስለነበርኩ አይቻለሁ። «የእሱ ጊዜ ሲደርስ ስለ እሱ ይጠይቁኝ። ዛሬ የተጠራሁት ለዚህ ነው።»

ያን ጊዜ በስተምሥራቅ በኩል ያለችው ጎረቤታችን አንገቷን ቀና አድርጋ «ዱጋ ነው፣ እውነታቸውን ነው። አንድ በር ነበር፤ እኔም ረግጫለሁ» አለች። ከእሷ በኋላ ሌሎቹም ያን ቀን ምን እንዳዩ ትዝ አላቸው።

በሩ ጀምበር ሳትጠልቅ እንዲደፈን ተወሰነ፤ ተክሌ ሰው ሁሉ እያየው ደፈነው። ከዚያ ማኅተሙ ተመታ፣ ገንዘቡን ሰጠን፣ ፍራሻችንንም አስገባን። ክረምቱ ሳይገባ ግን የአባ ዋሪዮ መጋዘን ታሸገ። ጠባቂዎቹ ቆዳቸውን ሜዳ ላይ አውጥተው ሲጥሉባቸው ደረስኩ። እኛ ጋ ይግባ ብላቸው እምቢ አሉ።

«ሽታው ከቤትሽ ያባርርሻል።»

«አንቱን ያላባረረ እኔን አያባርርም!» ብዬ በግድ አስገባሁት። ያጉረመረመውን ጎረቤት አፍንጫህን ያዝ አልኩት። ይህ ውለታ መመለስ አይደለም፤ የእኛ ቤት ሲተርፍ የእሳቸው መወሰዱ ትክክል ስላልነበረ ነው።

ከዚያም ወዲያ ስንት ሰው ቤት ሲገዛ ድንበር ረገጡ። «አንዴ ተቀጥተዋል፣ ይተዉት» የሚላቸውን ሰው «ታዲያ ሰዉ ያለ ምስክር ይግዛ?» ይሉታል። ዛሬ እሺ ተብላችሁ ገንዘባችሁን በጉያችሁ የያዛችሁ ልጆች፣ እሳቸውን የምትጠሩበት ጊዜ አለፈ። ምሰሶውን ራሳችሁ አንኳኩ። ሚስትየዋን ጠይቁ። ጎረቤት ሳይረግጥ አትክፈሉ። ማኅተም ሳይመታ ግድግዳ አትንኩ።

የሊቀመንበሩን ስም ያልጻፍኩት ስለምፈራ ነው። አሁንም እዚሁ ከተማ ነው፤ እኔም የልጅ ልጆች አሉኝ።

አባ ዋሪዮ፣ ደህና ይሁኑ። ሳናለቅስልዎ ቀበርንዎ፤ ይቅር ይበሉን። መጋዘንዎ ውስጥ የማላውቀው ሰው እህል አስቀምጧል። መጋዘኑ የማን እንደነበረ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ከአንቱ ጋር አልቀዋል፤ እኔ ግን አለሁ። ነገ ማን እንደሚሾምብን አናውቅም፤ የመጣው ሁሉ ጠመንጃ ይዞ ነው የሚመጣው። ማንም ይሁን፣ መንገዱ ሲከፈት ልጅዎን ዋሪዮን ይዤ ደጁ እቆማለሁ። «ይህ መጋዘን የአባቱ ነው፣ የተወሰደውም እውነት ስለተናገሩ ነው» እላለሁ። ጉልበቴ እንደሚንቀጠቀጥ አውቃለሁ። እየተንቀጠቀጥኩ እናገራለሁ፤ አንቱም እንደዚያው ነበሩ። ይረፉ፣ አባቴ።