ኃጢአታችሁን ጠቅልላችሁ ውሰዱ

ፔቻይን የሚያውቅ ሰው ከሩቅ በአረማመዷ ይለያታል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከእግሯ ሥር ቆርቆሮ እያሰረች በባሕር ዐለት ላይ ስለተራመደች፣ ደረቁን አሸዋ እንኳ ይወጋኛል ብሎ እንደሚጠረጥር ሰው ነው የምትረግጠው።

ሥራዋ የባሕር ሣር ለቅሞ መሸጥ ነው። ሕንድ አገር፣ ራሜስዋራም ደሴት ላይ፣ ከትልቁ የሂንዱ ቤተ መቅደስ በስተደቡብ ባለው ሰፈራችን ያሉ ሴቶች ሥራ ይኸው ነው። የሟች ባሏን ሸሚዝ ከሳሪዋ ላይ ትደርባለች፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ በጨርቅ ቁራጭ ትጠመጥማለች፤ መነጽሯን አስራ፣ ትንፋሿን ሰብስባ ትወርዳለች። ሣሩ የሚበቅለው ዐለት ላይ ነው፤ ዐለቱ ደግሞ ምላጭ ነው። ሴቶቹ የሚገቡት በወር አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ነው። ይህን ያዘዛቸው ማንም የለም፤ ሣሩ እንዲያገግም ብለው ተሰብስበው የወሰኑት ራሳቸው ናቸው። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ገብታ የተገኘች ሴት መንደር ውስጥ ቀና ብላ አትሄድም። እንግዲህ ባሕር እንዲህ በሚከበርበት አገር ነው ሰው ሽርጡን እያወለቀ ባሕር ውስጥ የሚወረውረው።

ተሳላሚዎቹን ማለቴ ነው። በቤተ መቅደሱ ፊት ያለው ባሕር እንደ ኩሬ የረጋ ነው። መጀመሪያ እዚያ ይነከራሉ፤ ከዚያ ከቤተ መቅደሱ ሃያ ሁለት ጉድጓዶች የተቀዳ ውኃ በባልዲ ራሳቸው ላይ ይፈስስላቸዋል፤ ከዚያ ደረቅ ልብስ ለብሰው ወደ መቅደሱ ይገባሉ። ይህ የአባት የአያት ወግ ነው፤ ማንም አልተቃወመም። አንድ ቀን ግን አንዱ ተነስቶ እርጥብ ልብሱን ባሕሩ ውስጥ ትቶ ሄደ። ኃጢአቴ ከልብሴ ጋር ይቅር አለ። ከኋላው ያለው አየውና እሱም ተወ። ከእሱ ኋላ ያለው ደግሞ ወጉ ነው ብሎ ለልጆቹ አስተማረ። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም፤ የሚያቆመውም አልተገኘም። ኃጢአቱ የት እንደሚሄድ እኔ አላውቅም። ጨርቁን ግን ማዕበሉ እየጎተተ ዳርቻውን ያዞረውና እነ ፔቻይ የሚለቅሙበት ዐለት ላይ ይጠመጠማል።

አንድ ዕለት ይኸው ጨርቅ ልጇን ራኩን ያዛት።

ራኩ ካገባች ገና ዓመቷ ነው። ከእናቷ ጎን ወረደች፤ የሣር ከረጢቷ ከላይ ተንሳፈፈ፣ እጇ ግን አልወጣም። ፔቻይ ያንን ከረጢት አይታ ነው የወረደችው። አንድ ሙሉ ሳሪ ዐለቱን ዞሮ የልጅቷን እግር እስከ ጉልበቷ ጠምጥሞ ይዟት ነበር። ፔቻይ በቢላዋ በጥሳ አወጣቻት። ራኩ ደም ከአፍንጫዋ እየወረደ አሸዋው ላይ ተቀምጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ስትከፍት ያለችው ይህ ነው፦ «የሠርግ ሳሪ ነው እማ። አዲስ እኮ ነው።»

አሁን ነገሩን ልብ በሉ። ቀጣዩ የሣር ለቀማ የሚጀምረው ጨረቃ ከጠፋችበት ቀን ማግሥት ነበር። በእኛ አቆጣጠር አዲ በሚባለው ወር ጨረቃ የምትጠፋበት ቀን ደግሞ አገር ምድሩ ሙታኑን ሊያበላ ወደ ከተማችን የሚጎርፍበት ቀን ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ዛሬ ይጥላል፤ ራኩ ነገ ትወርዳለች።

«አንቺ ቤት ትቀሪያለሽ» አለቻት እናቷ።

«አንቺ ከገባሽ እገባለሁ። ደግሞ ካልገባሁ አማቴ ፈርታ ነው የምትለው ማንን ነው?»

ፔቻይ ሁለት ቀን ሙሉ ከሦስት ሴቶች ጋር ሆና፣ ሣሩን ሳትነካ፣ ከዐለቱ ላይ ጨርቅ ስትለቅም ሰነበተች። በበዓሉ ቀን ማለዳ የዓሣ ጋሪ ሞልታ፣ ውኃው እየተንጠባጠበ፣ በተሳላሚው መሐል እየገፋች ወደ መታጠቢያው ዳርቻ ሄደች። ጋሪውን ያቆመችው ከካህኑ ከሱንዳሬሳ ጃንጥላ አጠገብ ነው። ሱንዳሬሳ በዳርቻው ላይ የሙታንን ሥርዓት ከሚያደርሱት ካህናት ሁሉ አንጋፋው ናቸው፤ አርባ ዓመት እዚያችው ጃንጥላ ሥር ተቀምጠዋል። እሳቸው ያደረጉትን ሌሎቹ ያደርጋሉ።

«እንዴት አደሩ ሳሚ» አለች። ካህናቱን ሁላችንም እንዲህ ነው የምንጠራቸው።

ሱንዳሬሳ በትከሻ ጨርቃቸው አፍንጫቸውን ሸፈኑ። «ፔቻይ፣ ዛሬ ትልቅ ቀን ነው። ዓሣሽን ወዲያ ውሰጂ።»

«ዓሣ አይደለም ሳሚ፣ ኃጢአት ነው። የእርስዎ ሰዎች ረስተውት ሄደው ነው።»

«እኔ ጣሉ ብዬ አላውቅም።»

«አትጣሉ ብለውስ ያውቃሉ?»

«ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም?»

«እሱስ አይነቅዝም። ልጄ እግር ላይ ግን ተጠምጥሞ ነበር።»

ካህኑ ለሙታን የሚቀርበውን የሩዝ ድቡልቡል ማድቦልቦላቸውን ለአፍታ ተዉና በአጭሩ ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ከልባቸው አዘኑ፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን አዝነው ምን አሉ መሰላችሁ? «ሦስት ቀን በባቡር ተጉዞ ኃጢአቱን ሊያራግፍ የመጣን ሰው፣ መልሰህ ተሸከመው ልበለው? ሥርዓቱ ጎደለ ብሎ ወደ ሚቀጥለው ጃንጥላ ይሄዳል፤ እዚያው ይጥላል።»

«መጽሐፉ ውስጥ ልብስ ጣሉ የሚል አለ?»

«የለም።»

«አንድ መስመር?»

«አንድም።» ዋሹ አይባሉም።

«እንግዲያው እዚህ እቀመጣለሁ» አለችና ከጋሪው ሥር ቁጭ አለች።

የመጀመሪያዎቹ ከካሩር ከተማ የመጡ ቤተሰብ ነበሩ፤ አባትየው ልብስ ሰፊ ነው። እናቱ በዓመቱ መጀመሪያ ሞታለች። ለሥርዓቱ የሚታሰረውን የሣር ቀለበት ጣቱ ላይ አድርጎ፣ ሰሊጡን ከውኃ ጋር አፍስሶ፣ ድቡልቡሉን ሙታኑን ወክለው ለሚበሉት ቁራዎች ሰጥቶ፣ ባሕሩ ውስጥ ሦስቴ ተነከረ። ሁሉም ያማረ ነበር። ከዚያ ሸሚዙን አወለቀና ወረወረው።

ፔቻይ እስከ ወገቧ ገብታ ሸሚዙን አወጣች፤ አጥፋም አመጣችለት። «ረሱት ወንድሜ።»

«አልረሳሁም አካ፣ ትቼው ነው» አላት፤ በታላቅ እህት ወግ።

«ለማን ትተውት?»

«ለባሕሩ።»

«ባሕሩ ሸሚዝ ለብሶ አይተው ያውቃሉ?»

ተራ የሚጠብቁት ሳቁ። ሰውየው ፊቱ ጠቆረ። «ኃጢአቴን ነው የምትመልሽልኝ?»

«እኔ የራሴ ይበቃኛል። የእርስዎን ልጄ ለምን ትሸከመው?» አለችና ከጋሪው ላይ ያን የሠርግ ሳሪ ጎትታ ዘረጋችለት። ቀይ ነው፤ ጠርዙ ላይ ወርቃማ ጥልፍ አለበት።

ልብስ ሰፊ ነውና እጁ ቀደመው። ጨርቁን በጣቶቹ መሐል አሸት አሸት አድርጎ ቅዳዱ ጋ ሲደርስ ቆመ። «ይኼ የተቀደደ አይደለም። በቢላ የተቆረጠ ነው።»

«የልጄ እግር ውስጡ ነበር።»

ሰውየው ሳሪውን አልለቀቀውም። ሚስቱ መጥታ አየች፤ ታናሽ ወንድሙም አየ። ከዚያ ወደ ካህኑ ዞረና ሕፃን በሚመስል ድምፅ «ሳሚ፣ ምን ይሻለኛል? ሸሚዙን ይዤ ከተመለስኩ እናቴ መንገድ ላይ ትቀራለች?» አላቸው።

ተራ ላይ ያለው ሁሉ ሱንዳሬሳን ተመለከተ። በግራና በቀኝ ጃንጥላ ሥር ያሉት ካህናትም ማንበባቸውን አቁመው ጠበቁ። እኔ ራሴ ከኋላ ቆሜ፣ አሁን ያመልጡናል ብዬ ነበር።

ካህኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሥርዓቱን ድምፅ አወጡ፤ ያንን ከእምብርት የሚነሳውን። «ልብስህን ባሕሩ ላይ ይዘህ ሦስት ጊዜ ጭመቅ። ውኃው ኃጢአቱን ይዞ ይሂድ፤ ጨርቁ ከአንተ ጋር ቤትህ ይግባ። የተጣለ ልብስ ሟችን አያለብስም።»

ልብስ ሰፊው ጨመቀ። እንዴት እንደጨመቀ! በሁለት እጁ ጠምዝዞ፣ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ። እናቱን ያቀፈ ያህል ፊቱ በርቶ ሸሚዙን በብብቱ ይዞ ወጣ። ከኋላው ያለችው ሴት ጨመቀች። ቀጥሎ ያለው ጃንጥላ ሥር ያለው ካህንም «ሦስት ጊዜ ጭመቁ» ሲል ተሰማ፤ የሱ ቀጣይም እንዲሁ። ቀትር ሳይደርስ ዳርቻው በሙሉ ሽርጥና ሳሪ የሚጠመዝዝ ሕዝብ ሆነ። አንዲት የታንጃቩር አሮጊት ፔቻይን ክንዷን ይዘው «ልጄ፣ ጠበቅ አድርገሽ ጭመቂ እንጂ። አያቴ ሁሌም እንዲህ ነበር የምታደርገው» ብለው አስተማሯት።

እኔ ደስ ብሎኝ ልዘል ደርሼ ነበር። ፔቻይን ሳያት ግን ፊቷ ላይ ደስታ የለም። ከጋሪዋ ተነስታ ካህኑ ፊት ቆመች።

«ይኸው ነበር?» አለች።

«ተሳካልሽ እኮ ፔቻይ። አሁን ደግሞ ምን ያስቆጣሻል?»

«ይኸው ብቻ ነበር ወይ? አንድ አረፍተ ነገር?» ድምፅዋን አልጨመረችም። «አርባ ዓመት እዚህ ጃንጥላ ሥር ተቀምጠዋል ሳሚ። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ጨርቃቸውን ከዐለት ላይ ስፍቅ ኖሬያለሁ። አማቴ ባሕር ውስጥ በሳሪ ታንቀው ሲቀሩ ሥርዓታቸውን ያደረሱት እርስዎ ነዎት፤ እዚችው ቦታ። ያን ዕለት እንኳ፣ እርስዎ ጸሎቱን ሲያነቡ፣ ከጎናችን የነበረው ሰው ሽርጡን ጣለ። አይተውታል፤ እኔም እርስዎን አይቼዎታለሁ።»

ሱንዳሬሳ ሰሊጡ ላይ አቀርቅረው የሌለ ጠጠር መልቀም ጀመሩ። ቀጣዩ ተሳላሚ መጥቶ እስኪቀመጥ ድረስ ቀና አላሉም።

በማግሥቱ ሴቶቹ በጀልባ ገቡ። ዐለቱ ላይ የአሮጌው ዘመን ጨርቅ ገና አለ፤ አንድ ቀን በሚጨመቅ ውኃ የአርባ ዓመት ቆሻሻ አይነሳም። ፔቻይ በዚያ ቀን አንድ ዘለላ ሣር አልለቀመችም። ከልጇ በላይ ተንሳፍፋ የልጅቷ ከረጢት ላይ ዓይኗን ተክላ ዋለች። ሌሎቹ «ቀኑን አባከንሽው» ቢሏት «ቀኑ የእኔ ነው» አለቻቸው።

ራኩ ከሰዓት በኋላ፣ ለአሥረኛ ይሁን ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ጠልቃ ስትወጣ፣ ከሣሩ ጋር አንድ ነገር ይዛ ወጣች። ሸሚዝ ነው፤ አዲስ። እንደ ገመድ ተጠምዝዞ ጫፉ ተቋጥሯል።

ፔቻይ አገላብጣ አየችው። «ጨምቆታል» አለች።

«ሦስት ጊዜ?»

«ሦስትም ይመስላል። ከዚያ፣ ለማንኛውም ብሎ ወርውሮታል።»

ራኩ እንዳትሰምጥ ጀልባውን ይዛ ሳቋ አልቆም አላት። እናቷ አልሳቀችም። ሸሚዙን ከሣሩ ለይታ ከረጢቷ አናት ላይ አስቀመጠችው።

«ተይው እማ፣ አንድ ነው እኮ» አለች ራኩ።

«አንዱም ይጠመጠማል። የሣሩ ዕረፍት ሲደርስ ለሳሚ እወስድላቸዋለሁ። ‹ጨምቃችሁ ስታበቁ አትጣሉ› የሚለውንም በዚያ ድምፃቸው ይጨምሩበት።»

መነጽሯን አጥብቃ አሰረችና ከልጇ ቀድማ ወረደች።