አባቴና የቀሐ ዓሦች

ባለፈው ወር ጥርሴን ልታይ ፒያሳ ካለ አንድ ክሊኒክ ወረፋ ስጠብቅ፣ ከግድግዳው ጥግ የመስተዋት የዓሣ ገንዳ ተቀምጦ፣ ውስጡም ለጎንደር ሰው ግንብ ያነሰው ይመስል የፕላስቲክ ግንብ ቆሞበት አየሁ። ዓሦቹ ከግንቡ ኋላ ተወሽቀዋል፤ አንድ የአራት ዓመት ልጅ እንዲወጡለት መስተዋቱን በጣቱ ያንኳኳል። እጁን ለቀም አድርጌ ያዝኩት፤ ከሚገባው በላይ ሳላጠብቀው አልቀረሁም፣ እናቱ ገላመጠችኝ። ይቅርታ ጠየቅኳት እንጂ ምክንያቴን አልነገርኳትም።

በደርግ ጊዜ፣ እኔ ዐሥር ዓመት ሲሆነኝ፣ አባቴ የወባ መከላከል ሠራተኛ ነበር። ደምቢያ ላይ ወባ ሰው እየፈጀ መድኃኒቱም አልዳረስ ብሎ ሳለ፣ አባቴ በስብሰባ መካከል ብድግ ብሎ፣ የቀሐ ወንዝ ትንንሽ ዓሦች የወባ ትንኝ እጭ ይበላሉ፣ ኩሬዎቹ ውስጥ እንጨምራቸው አለ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር፣ «ባይበሉስ፣ ጓድ?» ብሎ ሲጠይቀው «ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ብሎ ተቀመጠ። በዚያ ዘመን ይህች ቃል ከአፍ ከወጣች አትመለስም ነበር። ኮሚቴው ቤታችን ድረስ መጥቶ በዓይኑ ሊያይ ቀን ተቆረጠ። እናቴ ወሬውን ስትሰማ የያዘችውን ሰፌድ አስቀምጣ፣ «ምነው አንተ ሰው፣ ለዓሣም ዋስ ይኮናል?» አለችው።

አባቴ የመስኮት መስተዋት በስቱኮ አጣብቆ ገንዳ ሠራ፤ ሁለት ጊዜ አፍስሶ ሳሎኑን ካጨቀየው በኋላ ያዘለት። ከቀሐ ያመጣቸው ሦስት ዓሦች ጣት የሚያህሉ፣ የአሸዋ መልክ ያላቸው ነበሩ፤ በር በተከፈተ ቁጥር ከመስተዋቱ ጋር እየተላተሙ ጥግ ይወሸቃሉ፣ ሳምንት ሙሉም አልበሉም። ለምግባቸው ደግሞ አባቴ በረንዳ ላይ በሳፋ ውሃ የትንኝ እጭ ያረባ ጀመር፤ መንግሥት ትንኝ አጥፋ ብሎ የሚከፍለው ሰው ትንኝ ሲያረባ ያዩ ጎረቤቶች መሳቂያ አደረጉን።

እሱ ግን አልተናደደም። የመስተዋቱን ሦስት ጎን በካኪ ወረቀት ሸፈነ፣ ከወንዙ አረንጓዴ የውሃ ሽበት ያበቀሉ ድንጋዮች አምጥቶ መደበቂያ ዋሻ ሠራላቸው፣ ላዩን በውሃ ቅጠል አጠላላቸው። «መደበቂያ ያለው ነው ደፍሮ የሚወጣ» ይለኝ ነበር። እኔንም ወደ ጎን ዞሬ ተቀምጬ፣ ትክ ብዬ ሳላያቸው፣ ሳልንቀሳቀስ መጠበቅን አስተማረኝ። ቀጥሎ አራት ዓሣ ጨመረ፤ ሦስት ሲሆኑ እንደሚፈሩ፣ ሲበዙ እንደሚደፍሩ ያውቃል። እኛ ሰዎች ግን ያን ጊዜ ሦስት ሆነን መንገድ ላይ መቆም እንፈራ ነበር።

ቀስ በቀስ አንዷ ወጣች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ በስተመጨረሻም ሰባቱም እጩን ከጣቴ ጫፍ ይለቅሙ ጀመር። አባቴ ካድሬ እንዳያስደነግጣቸው ብሎ እናቴን ካፖርቱን አልብሶ፣ ደብተር አስይዞ፣ ኮቴዋን እያሰማች በየቀኑ ከገንዳው ፊት ያቆማት ነበር። «ሸጋ ናቸው፣ ጓድ፣ ቀጥል» ትላለች በወፍራም ድምፅ፣ ከዚያም ሦስታችንም በሳቅ እንፈርሳለን። ቤታችን እንደዚያ የሳቀበት ሌላ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ቀኑ ደረሰ። አባቴ እንግዶቹን ሊያመጣ፣ እናቴ ወንበር ልትዋስ ወጡ። ብቻዬን ስቀር ድንጋዮቹን አየኋቸው፤ አረንጓዴ ሽበታቸው አንሸራታች፣ ለዓይን የሚቀፍ ሆኖ ታየኝ። ባለሥልጣን በቆሻሻ ቤት ሊቀበሉ ነው ብዬ አፈርኩ። ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ ከጠፋ ሰንብቷል፤ እናቴ ልብስ የምታጥብበት የተወቀጠ እንዶድ ግን ነበረ። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አውጥቼ፣ በእንዶድ አረፋ ፈትጌ፣ በአንድ ጣሳ ውሃ አለቅልቄ መለስኳቸው። ነጭ ሆኑ፣ ደስ አለኝ።

ጥቂት ቆይቶ ዓሦቹ ከዋሻው ወጡ። ማንም ሳይጠራቸው፣ ምግብም ሳይሰጣቸው፣ ሰባቱም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከውሃው ጫፍ ላይ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ለመዱልን፣ ፍርሃታቸው ለቀቀ ብዬ አጨበጨብኩ። ከዚያ አንዷ በጎኗ ተኛች። ወንዝ ዳር ያደገ ሰው ሁሉ እንዶድ ዓሣ እንደሚፈጅ ያውቃል፤ እኔ የቧንቧ ውሃ ልጅ ነበርኩ።

አባቴ ሦስት እንግዶች አስከትሎ ሲገባ ሰባቱም ነጭ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። አባቴ ጣቱን ውሃው ውስጥ ነክሮ አሻሸ፣ አሸተተ፣ ከዚያ በአረፋ የተጨማደዱ እጆቼን አየ። እንደ ቀልድ ከኋላው አደረገኝ።

«ድንጋዩን በእንዶድ ያጠብኩ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ።

ሊቀ መንበሩ ደብተሩን ከደነና «ይሄ ጥፋት አይደለም፣ አሻጥር ነው» አለ። አባቴ «ለማስረዳት» አብሯቸው ሄደ፤ የተመለሰው ከስምንት ወር በኋላ ነው።

ሲመለስ ከስቶ፣ በር ሲንኳኳ ወደ ጓዳ የሚገባ ሰው ሆኖ ነበር። ዳግመኛ በእጁ የሠራው ነገር፣ ስብሰባ ላይ ያነሳው ሐሳብ የለም። በስተመጨረሻ ደምቢያ ላይ ዓሣ ይግባ አይግባ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እናቴ እስክትሞት «ድንጋይ አጥቦ ቤታችንን አፈረሰው» እያለች ታማርር ነበር፤ እሱ አቀርቅሮ ይሰማታል፣ እኔም ከጎኑ ተቀምጬ እሰማለሁ። እናቴን ስቀብር እንኳ አልተናገርኩም።

በሕመሙ መጨረሻ አልጋው ጫፍ ተቀምጬ፣ «አባባ፣ ድንጋዩን ያጠብኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«የቱን ድንጋይ፣ ልጄ?» አለኝ።

ረስቶት ይሁን ወይስ እንደገና ከኋላው ሊያደርገኝ ፈልጎ፣ ደግሜ ለመጠየቅ ወኔ አጣሁ። በሳምንቱ ቀበርነው።