ከሞተር ሥር የወጣው ፊልትሮ

ዓርብ ጠዋት ከሆለታ የተነሳነው እኔና ባለቤቴ ታደሰ ነን። የጉዞው ዓላማ ለሰው ሲነግሩት ያስቃል፤ የመኪናችንን የዘይት ፊልትሮ ከነበረበት አንስተን ሌላ ቦታ ለማስቀመጥ ነው። ጎረቤቴ ስነግራት «ለዚህ ብላችሁ አዲስ አበባ ድረስ?» ብላ ሳቀችብኝ። ምን ታድርግ፣ ነገሩን የማያውቅ ሁሉ ይስቃል። ስለዚህ ከመንገዱ በፊት ምክንያቱን ላስረዳ።

እኛ የምንኖረው በወተት ነው። በሆለታ ዙሪያ ካሉ ገበሬዎች እንሰበስብና በአሮጌዋ ፒክአፓችን አዲስ አበባ እናደርሳለን። መንገዱ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ስለሆነ የሞተሩ ዘይትና ፊልትሮ ቶሎ ቶሎ መቀየር አለበት። ፊልትሮ ማለት ዘይቱ እየዞረ ቆሻሻውን የሚጥልበት፣ ጣሳ የመሰለ ነገር ነው። የኛ መኪና ላይ ይህ ጣሳ የተቀመጠው ከሞተሩ ሥር፣ ብረት ለብረት በተጠጋበት ጥግ ነው። ለመፍታት መሬት ላይ በጀርባ ተኝቶ፣ እጅን ወደ ላይ ሰዶ በዳሰሳ መሥራት ያስፈልጋል። ሲፈታም ዘይቱ በእጅጌ ገብቶ ብብት ድረስ ይወርዳል። ታደሰ ይህን ለዓመታት ሳያጉረመርም ሠርቶታል። ባለፈው ክረምት ግን የጀርባው ዲስክ ተንሸራተተና ሐኪሙ መሬት ላይ መተኛትን ከለከለው፤ መሪውንም ለኔ አስረከበ።

ሌላ ሰው ይሥራለት የምትሉ ካላችሁ ታደሰን አታውቁትም። አንድ ጊዜ እሺ ብሎ ለሌላ ሰው ሰጠ፤ ሰውየው ፊልትሮውን አጣሞ አስሮት ኖሮ ዘይቱ መንገድ ለመንገድ ሲንጠባጠብ ዋለ። ከዚያ ወዲህ «መንከባከብ የማልችለውን መኪና አልይዝም» ብሎ ቆረጠና ገዢ ፈለገ። ገዢው ተገኘ፤ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጥቶ ሊወስዳት ነው። እሷ ከሄደች የወተቱ ሥራ አብሯት ይሄዳል። ከሥራው በላይ ያስጨነቀኝ ግን ታደሰ ነው። ከወንበር ላይ ተነስቶ የሚሄድበት ነገር ቢኖረው ያቺ መኪና ብቻ ነበረች።

ገዢው በተገኘ ሰሞን ስልኬ ላይ ፊልትሮውን ከሞተር ሥር አውጥቶ ባትሪው አጠገብ የሰቀለ ሰው አየሁ። ወዲያው ኮልፌ ላለው መካኒካችን ለማቲዎስ ደወልኩ። ይቻላል አለ፤ በፊልትሮው ቦታ የሚገባ ክብ ብረት፣ ሁለት ወፋፍራም ቱቦዎችና አዲስ መቀመጫ አንድ ላይ ተዘጋጅተው ይሸጣሉ። ታደሰ «ቪዲዮ አይተሽ ሞተር ልታስከፍቺ» አለኝ፤ እምቢ ግን አላለም፤ የእሁዱንም ቀጠሮ አልሰረዘም።

ሆለታ፣ ማለዳ

ዓርብን የመረጥነው ጾም ስለሆነ ነው። በጾም ቀን ወተት ፈላጊው ጥቂት ነው፤ ላም ደግሞ አትጾምም። የዓርቡ ወተት ቤት ቀርቶ ለቅቤ ይሆናል። ብርዱ ይቆነጥጣል፤ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ጉም ተኝቷል። ባዶዎቹ የወተት ዕቃዎች ከኋላ ይንኳኳሉ፤ ታደሰ ጀርባውን በትራስ ደግፎ ከጎኔ ተቀምጧል። እኔ መኪና ባለፍኩ ቁጥር እሱ በባዶ ወለል ላይ ፍሬን ይይዛል። እስከ ቡራዩ ድረስ ከኔ ይልቅ እሱ ነው የደከመው።

ቡራዩ ስንደርስ መንገዱ ሞላ። ሚኒባሶቹ ያለ ፌርማታቸው ይቆማሉ፣ ባጃጆቹ በመሃል ይሾልካሉ። አንዲት ሴት በመስኮቴ የተቀቀለ በቆሎ አቀበለችኝ። ትኩስ ነበር፤ ለሁለት ገምሰን እየበላን ተሳብን።

ሳንሱሲ

ሳንሱሲ ላይ የቆምነው የታደሰን ታላቅ እህት እትዬ አስካለን ለመሳም ብቻ ነበር። ታደሰ እናቱን በልጅነቱ ስላጣ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬም ሽበቱን እያዩ «ልጄ» ይሉታል። እኔም ይህን ያህል ዘመን አብሬው ኖሬ ገና «ሙሽሪት» እባላለሁ። የመጣንበትን ስንነግራቸው ነጠላቸውን አጣፉና ዘንቢላቸውን አነሱ። የልጃቸው መኪና ሆዷ ሲከፈት እቤት መቀመጥ አይሆንላቸውም። መሃላችን ተቀምጠው፣ ታደሰ እንዳይጎረብጠው ትራሱን እያስተካከሉለት ሄድን።

ኮልፌ

የማቲዎስ ጋራዥ ከአጠና ተራ ብዙም አይርቅም። በአንድ በኩሉ የባሕር ዛፍ አጠና ይጫናል፣ በሌላው ላሜራ ይቀጠቀጣል፤ ሰው የሚነጋገረው ተጠጋግቶ ነው። የማቲዎስ ወላጆች ከሀዲያ መጥተው ኮልፌ የቆዩ ናቸው፤ እሱ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ሠራተኛ ሆነ። ጴንጤ ስለሆነ ከእትዬ አስካለ ጋር የቆየ ቀልድ አላቸው። እሳቸው መቼ ነው የምትጠመቀው ይሉታል፤ እሱም ተጠምቄያለሁ እኮ እማማ ይላቸዋል።

ሥራው ተጀመረ። አሮጌው ዘይት በባኞ ተቀዳ፣ ፊልትሮውም ከተደበቀበት ወጣ። በቦታው የሚገባው ክብ ብረት ግን ጥርሱ ከሞተሩ ጥርስ ጋር አልገጥም አለ። ማቲዎስ ጎረቤቱ ካለው ቶርኖ ቤት ይዞት ሄደ። እኔም ተከትዬ ገባሁ፤ የቶርኖው ባለሙያ ብረቱን እያሽከረከረ አዲስ ጥርስ ሲያወጣለት ቆሜ አየሁ። አሁን ገጠመ። ሁለቱ ቱቦዎች ከሥር ተነስተው ወደ ላይ ወጡ፣ አዲሱ መቀመጫም ከነፊልትሮው ባትሪው አጠገብ በብሎን ታሰረ። ታደሰ ከትራሱ ጋር በርጩማ ላይ ተቀምጦ እያንዳንዱን ነገር ይጠይቃል። ማቲዎስም ሳይሰለች ይመልስለታል። አዲስ ዘይት ተሞላ፤ የቀረው ማስነሳት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ማቲዎስ ምሳ እንብላ አለ። ልማዱ ነው፤ የከፈተውን ሞተር በባዶ ሆዱ አያስነሳም፣ የራበው ሰው ይቸኩላል ይላል። እትዬ አስካለ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾሙ መኪናዋን እጠብቃለሁ ብለው ቀሩ። እኛ ከመንገዱ ማዶ ካለች ትንሽ ምግብ ቤት ገባን። ማቲዎስ ዓይኑን ጨፍኖ አጭር ጸሎት አደረገ፤ እኔና ታደሰ አማተብን፤ ትኩስ ሽሮና ጎመን ከአንድ ትሪ በላን።

ከምሳ በኋላ

ሞተሩ ተነሳ። ከመሪው ፊት ያለችው ቀይ የዘይት መብራት ትንሽ ቆይታ ጠፋች። ዘይቱ በአዲሱ መንገድ እየዞረ ነው ማለት ነው። ታደሰን ሳየው ፈገግ ብሏል። ማቲዎስ ሞተሩ እየሠራ ይቆይ ብሎ የሚያንጠባጥብ ነገር ይኖር እንደሆነ ቱቦዎቹን ዳሰሰ። ከዚያ አጥፍቶ የዘይት መለኪያውን ሳበ፣ በጨርቅ ጠርጎም እንደገና ነከረው። የዘይት መሙያውን ክዳንም ከፍቶ አየ።

ጠጋ ብዬ አየሁ። ዘይቱ ወተት ገብቶበታል። በእርግጥ ወተት አይደለም፤ ግን የወተት ነጋዴ ነኝና ቀለሙ አይጠፋኝም፣ ቡና በወተት ነው የሚመስለው። ማቲዎስ ቀስ ብሎ አስረዳን። ዘይት እንዲህ የሚሆነው ውሃ ሲገባበት ነው፤ ውሃ የሚገባው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሞተሩ ክዳን ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ሲቃጠል ነው። ያ ከሆነ ሞተሩ በሙሉ ይወርዳል።

ታደሰ ከበርጩማው አልተነሳም። «በቃ፣ እሁድ ለሰውየው እንደቆመች እሰጠዋለሁ» አለ። ያንን ሲል ድምፁ እንኳ ከፍ አላለም። እኔ የማደርገው አጥቼ የመኪናዋን ጎን ያዝኩ። ይህን ጣጣ በስልክ ቪዲዮ ያመጣሁት እኔ ነኝ ብዬ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

እትዬ አስካለ ከጥጉ ሆነው ምን ሆነ ብለው ጠየቁ።

«ሞተሩ ውስጥ ውሃ ገብቷል እማማ» አላቸው ማቲዎስ።

«ውሃ አልገባም» አሉ እሳቸው። «ጸበል ነው የገባው።»

እትዬ አስካለ ከዘንቢላቸው ባዶ ሃይላንድ አውጥተው አሳዩን። እኛ ምሳ ስንሄድ መኪናዋን ረጯት። ከዚያ አሰቡት፤ ሕመሙ ከውስጥ ነው፣ ጸበል ደግሞ ይረጫል፣ ይጠጣልም። ማቲዎስ ዘይት ሲሞላ በየት በኩል እንደሆነ ጠዋት አይተዋል። ክዳኑን አዙረው ከፈቱና የቀረውን አጠጧት።

ማቲዎስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ታደሰ እህቱን አያቸው፣ እሳቸውም አዩት። «አጠፋሁ ልጄ?» አሉት። እሱ ብድግ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ፤ ጀርባው ከታመመ ወዲህ እንዲያ ሲጎነበስ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን። ጓርኒሲዮኑ ደህና ነው፤ ሞተሩ የሠራው ጥቂት ስለሆነ ዘይቱ ተቀድቶ፣ ውስጡ ታጥቦ፣ ፊልትሮው ከተቀየረ ይበቃል።

ማቲዎስ ዘይቱን ሊቀዳ እንደገና ከመኪናዋ ሥር ገባ። ባኞውን ከደቀነ በኋላ ግን አልወጣም፤ መብራት አቀብሉኝ አለ። ሲወጣ ሳቁ ጠፍቷል። አንደኛው ቱቦ የጭሱ መውጫ ማርሚታ ላይ ተደግፎ ኖሯል። ሞተሩ በሠራባት በዚያች ጥቂት ጊዜ እንኳ ጎኑ መቅለጥ ጀምሯል።

«ጋሽ ታደሰ፣ ይሄ ቱቦ ሆለታ አይደርስም ነበር» አለ። «መንገድ ላይ ይፈነዳና ዘይቱ ይፈሳል፤ ሞተሩም አብሮ ይሄዳል። እኔ ደህና ነው ብዬ ልሸኛችሁ ነበር። እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

እትዬ አስካለ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያንን ጸበል ባይጨምሩ ማንም ዳግመኛ ከሥር አይገባም ነበር። ማቲዎስ የቀለጠውን ቱቦ ለወጠ፣ ከማርሚታው አርቆ በላሜራ ደግፎ አሰረው። ሞተሩ በሌላ ዘይት ታጠበ።

የመጨረሻው ዘይት ከመሞላቱ በፊት ፊልትሮው መቀየር ነበረበት። ማቲዎስ እጁን ሲሰድ ታደሰ «ቆይ፣ እኔ ልፍታው» አለ። ኮፈኑ ተከፍቷል፤ ፊልትሮው ከወገቡ ከፍ ብሎ፣ ባትሪው አጠገብ ቁጭ ብሏል። ቆሞ ፈታው። አዲሱን በዘይት ሞላ፣ የአፉን ጎማ በጣቱ ዘይት ቀባ፣ በእጁ አጥብቆ አሰረው። አንዲት ጠብታ እጅጌው ውስጥ አልገባችም። ከዚያ እጁን እያበሰ ትንሽ ቆመ፤ እኔ የምጠርገው ነገር ስላልነበረኝ የመኪናዋን መስታወት ጠረግሁ።

የተበላሸውን ዘይት ማቲዎስ ሊያስወግደው ሲል እትዬ አስካለ ከለከሉት። ጸበል ያለበት ነገር ሰው የሚረግጠው ቦታ አይደፋም። ማቲዎስ ክርክር አልገጠመም፤ በጀሪካን ሞልቶ ከኋላ ጫነልን። እሳቸውም ዘጠኝ ሰዓት ስላለፈ ከዘንቢሉ ዳቦ አውጥተው ቆረሱ። መጀመሪያ ለማቲዎስ ሰጡት።

መልስ

እትዬ አስካለን ሳንሱሲ አወረድናቸው። ከቡራዩ በኋላ መንገዱ ቀለለ፤ ፀሐይዋ ከፊታችን ገባች። ታደሰ ፍሬን መያዙን ትቶ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል። ሆለታ ስንገባ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፣ ሁሉም ደረቅ መሆኑን አየና ዘጋው። ጎረቤቴ ከአጥሯ በላይ ፊልትሮው ደህና ገባ ወይ አለችኝ። ደህና ወጣ አልኳት።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ብዙ አይደለም። ሰው ሲወድህ የሚያውቀውን ያደርግልሃል፤ የኔ ዕውቀት ስልክ ነበር፣ የማቲዎስ ቁልፍና ቱቦ፣ የእትዬ አስካለ ጸበል። ሦስታችንም ትንሽ ትንሽ ተሳስተናል። ከስህተታችን መሃል መኪናዋን ላተረፈልን አምላክ፣ ለነሱም ለሁለቱ፣ ምስጋናዬ ከልቤ ነው።

እሁድ ገዢው እንደተባለው መጣ። ታደሰ በጀሪካኑ ዘይት ምስጥ እንዳይበላቸው የአጥሩን እንጨቶች ሲቀባ አገኘው። ሰውየው መኪናዋን ለመውሰድ እንደመጣ ሲነግረው ታደሰ ብሩሹን ሳያስቀምጥ ይቅርታ ጠየቀው።

«ወንድሜ፣ ጸበል የጠጣች መኪና አትሸጥም» አለው። ከዚያ ወደ ቀጣዩ እንጨት አለፈ።